የመድኃኒት ኃይል የማን ገንዘብ ነው?

የሰው ልጅ ገንዘቤ ብሎ ከሚይዛቸው ነገሮች አብዛኞቹ አንዱ ሲጠቀምባቸው ለሌላው የሚጎድሉ ናቸው። እንጀራውን የበላው ይጠግባል፥ ያልደረሰው ይራባል፤ ርስቱን የያዘው ያርሳል፥ ያልያዘው ይመለከታል። ዕውቀት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ የኔታ ለተማሪው ፊደል ቢያስቈጥሩ የራሳቸው ፊደል አይጎድልባቸውም። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ጧፍ ሌላው ቢለኰስ የፊተኛው አይደበዝዝም። ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች በየትኛው እንደሚመደብ ለመወሰን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የመድኃኒት ኃይል ነው።

መድኃኒት ስንል በአንድ ስም የምንጠራው ሁለት ነገር መሆኑን አስቀድመን እንለይ። አንደኛው በእጅ የሚያዘው፥ በብር የሚገዛው ፍሬ ወይም በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ ነው፤ ይህ የገዛው ሰው ገንዘብ ነው፥ በዚህ የሚከራከር የለም። ሁለተኛው በፍሬው ውስጥ ያለው የመፈወስ ኃይል ነው። ለብዙው መድኃኒት ይህን ልዩነት ማድረግ ጥቅም የለውም፤ እኔ ለራስ ምታቴ አስፕሪን ሺህ ጊዜ ብውጥ ለጎረቤቴ ራስ ምታት የአስፕሪኑ ኃይል አይቀንስም። በሰው ገላ ውስጥ ገብተው ሕመም የሚያመጡትን ረቂቃን ተሕዋስያን የሚገድሉት፥ አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። እነርሱን አንዱ በከንቱ ሲያባክናቸው ፍሬው በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ እንደ ተደረደረ፥ መልኩና መጠኑም ሳይለወጥ፥ ኃይሉ ብቻውን ይጠፋል። ኋላ የሚመጣው ሕመምተኛ ዋጋውን ከፍሎ የሚወስደው ባዶውን ነው። እንግዲህ ይህ የጠፋው ኃይል የማን ገንዘብ ነበር? ያጠፋውስ ሰው ዕዳው ለማን ነው?

ነገሩን በአሳብ ብቻ ከምንመረምረው በአንድ ስፍራና በአንድ ሰው ላይ እንየው። ስፍራው ላስታ ይሁን። ሰውየውም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርስ አንድ ጎልማሳ ይሁን፤ ይህን ሰው ለምሳሌ የፈጠርነው እኛ ነን፥ ነገር ግን በደጋው የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ትኩሳት ከያዘው ስምንተኛ ቀኑ ነው። በመጀመሪያ ብርድ ነው ተባለና ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቀመሰ፤ ቀጥሎ ጠበል ተጠመቀ። በአምስተኛው ቀን ወንድሙ ገበያ ወርዶ ከመድኃኒት ቤት አራት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ አመጣለት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ውጦ ጨረሳቸው፥ ትኩሳቱም ጋብ አለለት። በስምንተኛው ቀን ሕመሙ በርትቶ ስለ ተመለሰ የመንደሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ላሊበላ ከተማ ወደ ሆስፒታል አወረዱት።

ሐኪሙ ሰውየውን ሲመረምረው ሆዱ ተነፍቷል፤ ምላሱ ነጭ ለብሷል፤ የልቡም ምት እንደ ትኩሳቱ ብርታት የፈጠነ አይደለም። ታይፎይድ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ ነው። (ሳልሞኔላ የሚለው ስም የአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም የዳንኤል ሳልሞን መታሰቢያ ነው እንጂ በዚያ ስም ከሚጠራው ዓሣ ጋር ዝምድና የለውም።) የሳልሞኔላ ወገን ብዙ ነው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በዶሮ፥ በከብትና በሌላም እንስሳ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ታይፊ ግን ከሰው በቀር ማደሪያ የለውም። ከሰው አንጀት ወጥቶ በውሃና በምግብ ወደ ሰው አፍ ይመለሳል። ሕዝባችን «ታይፎይድና ታይፈስ» እያለ እንደ መንታ ወንድማማች አብሮ ከሚጠራቸው ከሁለቱ አንዱ ይህ ነው፤ ሁለተኛው በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ነው፥ በስም ቢቀራረቡም በጠባይ አይገናኙም።

ሐኪሙ ጥርጣሬውን የሚያረጋግጥበት መሣሪያ ምንድን ነው? በየከተማው የሚደረገው ምርመራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ፈርናንድ ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ያስተዋወቀው ነው። ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያዘጋጀውን ንጥረ ነገር ብቻ ያያል። ያ ንጥረ ነገር ግን ካለፈው ዓመት ሕመም የቀረ፥ ወይም በሌላ ተሕዋስ ምክንያት የተነሣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ «አለበት» ያለው ሁሉ እውነት አይደለም። ታማኙ ዳኛ ደም ወስዶ ባክቴሪያውን አብቅሎ ማየት፥ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በዚያው ላይ መሞከር ነው። ይህም ቢሆን ቀናት ይፈጃል፤ ብዙ ታማሚዎችም ያመልጡታል፤ ይልቁንም አስቀድመው ካፕሱል የቀመሱት። ከሁሉም በላይ እንዲህ ያለው ላቦራቶሪ በገጠር ሆስፒታሎች እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያክመው በግምት ነው። በግምት ማከም ነውር አይደለም፤ የሚያስነውረው መገመቱን መርሳት ነው።

የታይፎይድ መድኃኒት ታሪክ ራሱ የጀመረው በግምት ስሕተት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 በቬኔዙዌላ አፈር ውስጥ ከሚኖር ተሕዋስ ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት ተገኘ። በሚከተለው ዓመት አሜሪካውያን ሐኪሞች በማላያ አገር ለአንድ የተስቦ ዐይነት ሲሞክሩት ተስቦ ይዟቸዋል ተብለው ከገቡት መካከል ታይፎይድ የያዛቸው ተገኙ፤ እነዚያም ዳኑ። ከዚያ በፊት ታይፎይድ ከያዛቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። አንጀታቸው በሦስተኛው ሳምንት የሚበሳው ብዙዎች ናቸው። ክሎራምፌኒኮል ይህን ሞት እጅግ ዝቅ አደረገው፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር።

ይህ ጸጋ በሙሉ ኃይሉ የቈየው ከአንድ ትውልድ ላነሰ ጊዜ ነው። በ1972 በሜክሲኮ ከ10,000 በላይ ሰዎች በታይፎይድ ሲታመሙ ባክቴሪያው ክሎራምፌኒኮልን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በእስያ የተነሣው ደግሞ ክሎራምፌኒኮልን፥ አምፒሲሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚቋቋም ነበር። ሐኪሞች ወደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ዞሩ፤ እርሱም ደከመ። ወደ ሴፍትሪያክሶን ዞሩ። በ2016 በፓኪስታን በሲንድ ክፍለ ሀገር በሃይደራባድ ከተማ ሴፍትሪያክሶንንም የሚቋቋመው ታየ፤ ለእነዚያ ሕመምተኞች ከሚዋጠው መድኃኒት የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ሲሆን ከእርሱ ሌላ ያለው በመርፌ የሚሰጥና ዋጋው የከበደ ነው። እነዚህ ሁሉ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ከአንዱ ጽዋ ወደ ሌላው እየተሻገርን የመጨረሻው ጽዋ ግርጌ ላይ ደርሰናል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ባክቴሪያ አእምሮ የለውም፥ አይማርም፥ አይመክርም። ነገር ግን በአንድ ሕመምተኛ ገላ ውስጥ ቊጥሩ እጅግ ብዙ ነው፤ ከብዛቱም የተነሣ በአጋጣሚ ከወንድሞቹ የተለየ አንዳንድ አይታጣም። በ1952 ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ የተባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት በከፋይ ጨርቅ ተጠቅመው ባክቴሪያዎቹን ከአንዱ ሳሕን ወደ ሌላው በማኅተም ዐይነት እያተሙ ሲመረምሩ፥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት መድኃኒቱን ከማየታቸው በፊት የነበሩ መሆናቸውን አሳዩ። መድኃኒቱ ኃይለኛውን አልፈጠረውም፤ ደካሞቹን ጠርጎ ሜዳውን ለቀቀለት እንጂ። ደግሞ የባክቴሪያ ጠባይ ከሰው ይለያል፤ የመቋቋምን ችሎታ ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ለሚያገኘው፥ ዘመዱ ላልሆነውም ጭምር ያወርሳል። ስለዚህ አንድ ሰው በጉንፋን ምክንያት የዋጠው ካፕሱል ለጉንፋኑ ምንም ሳይጠቅም በአንጀቱ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ባክቴሪያዎች ያሠለጥናል፤ እነርሱ ደግሞ የተማሩትን አንድ ቀን ለሳልሞኔላ ያስተላልፋሉ።

በዚህ ላይ ሕዝባችን አንድ አነጋገር አለው፤ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። አነጋገሩ ተራ ቢመስልም ታላቅ ስሕተት ያዘለ ነው። የለመደው የሰውየው ገላ ቢሆን ኖሮ ጕዳቱ የራሱ በሆነ፥ እርሱም ሲሞት አብሮት በተቀበረ ነበር። የለመደው ግን ተሕዋሱ ነው፤ ተሕዋሱም ከባለቤቱ ወጥቶ በምንጭ ውሃ፥ በእጅ፥ በማዕድ ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህ አንድ ቃል ሲታረም ሥነ ምግባሩ በሙሉ ይለወጣል፤ «በራሴ ገላ የፈለግሁትን ባደርግ ማን ያገባዋል» የሚለው ክርክር መሠረቱን ያጣልና።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ ወር 1945 በስቶክሆልም ከኖቤል ሽልማቱ ጋር ባደረገው ንግግር ስለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ተናግሯል። ጕሮሮውን ያመመው አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ተሕዋሱን ለመግደል በማይበቃ፥ መቋቋምን ለማስተማር ግን በሚበቃ መጠን ይወስዳል፤ ከዚያም ሕመሙን ለሚስቱ ያስተላልፋል፤ ሚስቱ በፔኒሲሊን ብትታከምም ትሞታለች። ፍሌሚንግ የሴቲቱን ሞት ያደረሰው ማን ነው ብሎ ጠየቀና ጥፋቱን በባልየው ላይ ጣለ። ምሳሌው ትክክለኛ ትንቢት ሆኖ ተገኝቷል። ፍርዱ ግን ለእኔ የተሟላ ሆኖ አይታየኝም።

የፍሌሚንግ ሰው መድኃኒቱን በቸልታ ያሳነሰ ነው። የላስታው ገበሬ ግን አራት ፍሬ ብቻ የዋጠው በወንድሙ ኪስ የነበረው ብር ለአራት ፍሬ ብቻ ስለ በቃ ነው። ሁለቱ ያደረጉት ሥራ አንድ ነው፤ በባክቴሪያው ዘንድም ልዩነት የለውም። በሕሊና ዘንድ ግን እንዴት አንድ ይሆናል? ገበሬው የጠጣውን ውሃ ያላጠራው፥ መጸዳጃ ያልሠራለት፥ ሐኪም ያላቀረበለት፥ ካፕሱሉንም ያለ ማዘዣ በፍሬ ቈጥሮ የሸጠለት ሁሉ በዚያች በአራት ፍሬ ውስጥ ድርሻ አለው። በሕጋችን አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ መንግሥትም በመድኃኒት መለመድ ላይ የወጣውን አገር አቀፍ ስልት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2011 ጀምሮ እያደሰ ይዟል። ነገር ግን ማዘዣ ለመቀበል የአንድ ቀን መንገድ የሚሄድ ሰውና ከቤቱ በር ላይ ሐኪም የሚያገኝ ሰው ይህን ሕግ እኩል ሊጠብቁት አይችሉም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ በተስፋፋ ጊዜ፥ ላሊበላም ለወራት በመካከሉ በነበረች ጊዜ፥ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ሕመምተኛው ያገኘውን ሲውጥ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን ማዘዣህ የት አለ ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው?

ይህን ስል ገበሬውን ከዕዳ ሁሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። በዚያው በላስታ የሚተረክ አንድ ታሪክ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። በገድለ ላሊበላ እንደሚነገረው ቅዱሱ ገና ሳይነግሥ ከቤተ ዘመዱ መርዝ በመጠጥ ተላከለት፤ እንደ ልማዱም ዲያቆኑ አስቀድሞ ቀመሰና ሞተ። ላሊበላም ይህን ባየ ጊዜ እኔ አልገደልሁትም አላለም፤ ስለ እኔ የሞተውን ተለይቼ አልቀርም ብሎ መርዙን ጠጣ። የሃይማኖቱን ምሥጢር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔን የሚያስደንቀኝ የሕሊናው ስሌት ነው፤ ሳያስበውና ሳይፈቅድ በእርሱ ፋንታ ለሞተው ሰው ራሱን ባለ ዕዳ አድርጎ መቍጠሩ። የእኛ ዘመን ሕግ ዕዳን የሚቈጥረው ሆን ብሎ በሠራው ወይም በቸልታ በዘነጋው ላይ ነው። ከዚህ ሌላ የሚቈጠር ዕዳ አለን? እኔ እንዳለ አምናለሁ፤ ነገር ግን ይህ ዕዳ የሚከፈለው በመቀጣት አይደለም፥ ካወቁ በኋላ ልማድን በመለወጥ ነው።

አሁን ከአሳብ ወደ ተፈጸመ ነገር እንመለስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2003 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ ላቦራቶሪዎች ሳልሞኔላ ኮንኮርድ የተባለ፥ በእነርሱ ዘንድ እምብዛም የማይታይ ዐይነት ይደርሳቸው ጀመር። ምንጩን ሲከታተሉ በጉዲፈቻ ከኢትዮጵያ ከመጡ ሕፃናት የተገኘ ነበር። ባክቴሪያው ብዙ መድኃኒቶችን፥ ሴፍትሪያክሶን የሚመደብበትንም ወገን ሳይቀር የሚቋቋም ነበር። በኋላም በ2011 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በጅማ በታከሙ ሕፃናት ላይ ይኸው ኮንኮርድ ዋና የሳልሞኔላ ሕመም ምክንያት መሆኑን ገለጸ።

ይህ ነገር ልብን የሚነካው በብዙ ወገን ነው። በእኛ ቤት የነደደውን እሳት ጢሱን ያየልን ጎረቤት ነው። ወደ ሩቅ አገር የሄዱት ሕፃናት በዚያ ደማቸውና ዐይነ ምድራቸው ተመርምሮ የሕመማቸው ስም ታወቀ፤ በአገር ቤት የቀሩት ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ግን በዚያው ባክቴሪያ ሲታመሙ በብዙ ስፍራ ሕመሙ «ተቅማጥ» ወይም «ትኩሳት» ተብሎ ብቻ በመዝገብ ተጻፈ። ደግሞስ እነዚያ ሕፃናት ምን አጠፉ? ራሳቸው አንድ ፍሬ ገዝተው የማያውቁ፥ ስማቸውን እንኳ ገና የማይናገሩ ነበሩ። በገላቸው ውስጥ ተሸክመው የሄዱት የሌሎችን ልማድ ውርስ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ አቁማለች፤ ባክቴሪያ ግን ፓስፖርት አይጠየቅም።

ደግሞ ጥፋቱ የድሀ አገር ብቻ ነው የሚል ካለ ይሳሳታል። በእንግሊዝ አገር በ1960ዎቹ በጥጃዎች ላይ መድኃኒት የሚቋቋም ሳልሞኔላ ተነሥቶ ወደ ሰዎች በመዛመቱ መንግሥት ጉባኤ አቁሞ ነበር፤ ያም በ1969 ሰውን ለማዳን የሚያገለግል መድኃኒት እንስሳን ለማወፈር በመኖ ውስጥ እንዳይጨመር መከረ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ልማድ ፈጽሞ የከለከለው በ2006 ነው። በሀብታም አገሮች ገበሬው ላልታመመው ዶሮ ሲያበላው የኖረውን መድኃኒት የላስታ ገበሬ ለታመመ ልጁ አላገኘውም። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል፤ ከሕዝባቸው ቊጥር ጋር ሲመዛዘን ከባዱ ሸክም የወደቀው ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች ላይ ነው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይከራከራል፤ «በዓለም ላይ በየቀኑ እጅግ ብዙ መድኃኒት ሲዋጥ የእኔ ጥቂት ፍሬ ምን ይለውጣል?» ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ በደጋ አገር የሚኖር ገበሬ ሁሉ በወል ግጦሽ ላይ ሰምቶታል። የመንዝ ሰዎች መልሱን አስቀድመው አግኝተው ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ኖረ የሚነገርለት ቄሮ የተባለው ሥርዓታቸው የጓሳውን ምድር ለዓመታት ይዘጋዋል፤ በተከለከለበት ጊዜ ከብት ያሰማራ፥ ለቤት ክዳን ሣር ያጨደ ይቀጣል፤ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፈታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ምክንያት ቢናጋም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። የእኔ አንዲት በሬ ጓሳውን አትጨርሰውም የሚለው ሰው በስሌት አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጎረቤቱም ያንኑ ስሌት እንደሚያሰላ በመርሳቱ ነው።

መድኃኒትም እንደ ጓሳው ሲያርፍ ኃይሉ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ክሎራምፌኒኮል ለብዙ ዓመታት ሳይሠራበት ከቈየ በኋላ በሕንድና በኔፓል የሚገኘውን ታይፎይድ እንደገና መግደል መቻሉ ታይቷል። ነገር ግን ሣር ማደጉ የታወቀ ነው፤ የመድኃኒት ኃይል መመለስ ግን ሁልጊዜ አይሆንም። ሌላም ልዩነት አለ። በመንዝ ሁሉም የሁሉንም በሬ ያውቃል፥ የጣሰው በዐይን ይታያል። በመድኃኒት ግን የጣሰው ራሱም መጣሱን አያውቅም፤ የተጎዳውም ማን እንደ ጎዳው አያውቅም። እንዲህ ያለውን የወል ሀብት በይሉኝታ ብቻ መጠበቅ አይቻልም፤ ጠባቂ፥ ቈጣሪና መርማሪ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ላቦራቶሪ ማለት ነው።

ወደ ሐኪሙ እንመለስ። በፊቱ የተኛው ሰው ትኩሳቱ 40 ደርሷል፤ የቀሩት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። ኃይለኛውን መርፌ ዛሬ ቢሰጠው ምናልባት ሳያስፈልገው ሰጥቶት ይሆናል፤ በዚህም የነገውን ሕመምተኛ ድርሻ ቀንሷል። ባይሰጠው ደግሞ ሰውየው በሌሊት አንጀቱ ተበስቶ ሊሞት ይችላል። የነገው ሕመምተኛ ስም የለውም፥ አያቃስትም፥ ሚስቱ በአልጋው እግር ሥር ተቀምጣ አታለቅስም። የሰው ልጅ ልብ ለሚያየው የሚራራ ስለሆነ የማይታየው ሁልጊዜ ይሸነፋል። ይህ የልብ ድካም ነው ወይስ የልብ ጥበብ?

አንዳንድ ፈላስፎች ሁለቱን ሕይወቶች በእኩል ሚዛን አስቀምጠን እንቍጠር ይላሉ። እኔ በአልጋው አጠገብ እንዲህ ያለ ቊጥር የሚቈጥር ሐኪም እንዲያክመኝ አልፈልግም፤ ቊጥሩ ስሕተት ስለሆነ ሳይሆን ሐኪም በሕመምተኛው ላይ ለሌላ ሰው ጠበቃ ከሆነ መታመኑ ስለሚቀር ነው። ሐኪሙ በፊቱ ላለው ያለውን ሁሉ ያድርግ፤ ግምቱ ስሕተት መሆኑን ሲያውቅ ግን መድኃኒቱን ለማቆም ወይም ወደ ቀለለው ለመመለስ አይፈር። የነገውን ሕመምተኛ የሚጠብቁለት ሌሎች ናቸው፤ ምንጩን የሚከልለው፥ መጸዳጃውን የሚያስቈፍረው፥ ክትባቱን የሚያመጣው፥ በጀቱን የሚፈርመው። ፓኪስታን ያ ኃይለኛ ታይፎይድ ከተነሣባት በኋላ በ2019 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ያስገባች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ያልታመመ ሰው መድኃኒት አያባክንም። በአልጋው አጠገብ የሚደርሰው ጭንቅ በብዛቱ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ከዓመታት በፊት የተወሰነ ወይም ሳይወሰን የቀረ ነው፤ ይህን የሚያነቡ ሹማምንት ወንድሞቼ ቃሌ እንደማይከብዳቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

በሆስፒታሉ ውስጥም ቢሆን ከመርፌው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሕመምተኞች በአንድ ክፍል ይተኛሉ፤ አስታማሚዎች ከአልጋ ወደ አልጋ ይመላለሳሉ፤ አንዲት እጅ ለሁሉም ታጐርሳለች። ኃይለኛ መድኃኒት በብዛት የሚሰጥበት ስፍራ ኃይለኛ ባክቴሪያ የሚመረጥበት ስፍራ ስለሆነ፥ ካልታጠበ እጅ የሚተላለፈው የሠለጠነው ተሕዋስ ነው። ላሊበላ ግን ስለ መታጠብ ከውጭ ሰው መማር የሚያስፈልጋት አገር አይደለችም። በገና በዓል ከየአውራጃው በእግሩ ተጕዞ የሚደርሰውን ምዕመን የከተማው ሰዎች ተቀብለው እግሩን ያጥባሉ። የማያውቁትን የመንገደኛ እግር በውሃ የሚያጥብ ሕዝብ የማያውቀውን ሕመምተኛ ከራሱ እጅ ለማዳን የሚጐድለው ልብ አይደለም፤ በሆስፒታሉ ቧንቧ ውስጥ የሚወርድ ውሃና ሳሙና ነው።

አሁን የቀረው ነገር ስለ ገበሬው ሚስት ነው። ባልዋ መርፌውን ተወግቶ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ለቤት የሚዋጥ መድኃኒት በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጣት፤ እስኪያልቅ ይዋጥ ተባለች። እርሷ ግን በችጋር ያደገች፥ ከእህሉ ለዘር ሳታስቀር በልታ የማታውቅ ሴት ናት። ባልዋ ሲበረታ ባየች ጊዜ ከፍሬዎቹ ስድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው፤ ትንሹ ልጅ በክረምት ትኩሳት ቢይዘው መንገዱ በጎርፍ ይዘጋልና። አያትዋ ከአቡነ ዮሴፍ ደጋ የለቀመችውን ኮሶ በሙዳይ ታስቀምጥ እንደ ነበር ታስታውሳለች፤ ያ የተቀመጠ ኮሶ በጊዜው ጠቅሞአል። ይህ ቋጠሮ ስስት አይደለም፥ ድንቊርናም አይደለም፤ በአገሩ ምግባር ሁሉ የሚመሰገን ቍጠባ ነው፥ የእናትም ፍቅር ነው። በሊቃውንት መካከል ስንት ቀን መዋጥ እንደሚበቃ ዛሬም ክርክር አለ፤ አንዳንዱ ሕመም ቀድሞ ከታሰበው ባጠረ ቀን እንደሚድን ታውቋል፥ ስለዚህ ጥፋቱ ሁልጊዜ በማሳጠሩ ላይ አይደለም። ነገር ግን ምንነቱ ላልታወቀ ለልጅ ትኩሳት ያለ መጠን የሚሰጠው ስድስት ፍሬ፥ ትኩሳቱ የወባ ወይም የጉንፋን ቢሆን ለልጁ ምንም አይረባውም፤ በአንጀቱ ያለውን ግን ያሠለጥናል።

ይህችን ሴት ቋጠሮዋን እንድትፈታ የሚነግራት ሰው ምን ብሎ ይጀምር? «ሕግ ነው» ቢላት ሕግ በክረምት ወንዝ አያሻግራትም። «ለማታውቂው ሰው ልጅ አስቢ» ቢላት በክንድዋ ያለውን ልጅ ታሳየዋለች። «በክረምት ልጁ ቢታመም የጤና ኬላው ክፍት ይሆናል፥ መድኃኒትም ይኖረዋል» ቢላት ግን ዐይኑን አይታ ትጠይቀዋለች፤ እውነት ነው?